«እሱ ያውቃል» ባዩ ባለመስኮት

የምኖረው ጀርመን ነው። እዚያ ሲጨንቅህ በሥራ ቀን ቤተ ክርስቲያን ገብተህ ልጸልይ ብትል፣ በተለይ የፕሮቴስታንቶቹ ከሆነ፣ በሩ አብዛኛውን ጊዜ ዝግ ነው። የእሁዱ ሰዓት ተለጥፎልሃል። ጭንቀትህን እስከዚያ ያዝ አድርገው ነው ነገሩ። ግብርም አለው። የካቶሊክ ወይም የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን አባል ነኝ ብለህ ከተመዘገብክ፣ የገቢ ግብርህ 8 ወይም 9 በመቶ ተሰልቶ ከደመወዝህ ይቆረጣል። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ይህን ሽሽት አባልነቱን በሕግ ሰርዟል። ማስረጃ ወረቀት ሁሉ አለው!

ፒያሳ ግን ሌላ ዓለም ነው። እህቴ ታማብኝ መጥቼ፣ ከሆስፒታል ስወጣ እግሬ ጊዮርጊስ አደረሰኝ። ቀኑ 23 አይደለም፤ ተራ ማክሰኞ ነው። የአድዋ ድል መታሰቢያ የሆነው ያ ባለ ስምንት ማዕዘን ደብር ግቢው ሰው አላጣም። ሱፍ የለበሰ ሰውዬ ግድግዳውን ተደግፎ ያለቅሳል። ቦርሳው እግሩ ሥር ነው። ማንም ዞር ብሎ አያየውም። አንዲት እናት ደግሞ ሰማዕቱን እንደ ቤት ልጅ ይቆጡታል፦ «ምን አልኩህ ባለፈው? ዝም ትለኛለህ?» ውጭ ወያላው ሳይቀር «ሜክሲኮ፣ ሜክሲኮ» እያለ መሐል ላይ ያማትባል። እኔም ድምፄን አውጥቼ አለቀስኩ። ጀርመን ይህን ባደርግ አምቡላንስ ይጠሩልኝ ነበር።

ፈረንጆቹን ግን አልንቅም። እ.ኤ.አ. በ1956 በርሊን ላይ የተጀመረ፣ አብያተ ክርስቲያናቱ የሚያግዙት ነጻ የስልክ መስመር አላቸው። ሌሊትም ደውል፣ የሚሰማህ ሰው አለ። ደግሞ ይሰማል! እኛ ጋ ችግርህን ጀምረህ ሳትጨርስ ሦስት ዓይነት ጠበል ይታዘዝልሃል።

የሚያንገበግበኝ ሌላ ነገር ነው። እግዚአብሔር በመከራ ጊዜ መጠጊያ ነው ሲባል ለተቸገረው ሰው መስሎኝ ነበር። ለካ ሥራ ለጠላውም መጠለያ ሆኗል። የእህቴን የላቦራቶሪ ውጤት ልወስድ መስኮቱ ጋ ቆምኩ።

«ሲስተም የለም።»

«መቼ ይመጣል?»

«እሱ ያውቃል ወንድሜ።»

በነጋታውም ሄድኩ። ውጤቱ ደርሷል? እሱ ያውቃል። ኃላፊው አሉ? ከፈቀደ ይመጣሉ። ሐኪሙስ ምን ይላሉ? «ጸልዩ።» እየጸለይን ነው እኮ! ቤተሰቡ በሙሉ ስለት ገብቷል። ከአንተ የምንፈልገው ወረቀቷን ብቻ ነው። ጀርመን ያለው ባለመስኮት ፊቱን ያጠቁርብህ ይሆናል እንጂ ፈጣሪን ለቢሮው መዝረክረክ ዋስ አይጠራም። «ሐሙስ በ9 ሰዓት» ካለህ ሐሙስ በ9 ሰዓት ነው።

ከኋላዬ ወረፋ የያዙ አንድ አባት ስቆጣ ሰምተው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉ። «ተወው ልጄ፣ ለእግዚአብሔር ስጠው» አሉኝ። እሳቸውም ለራሳቸው ውጤት የሚመላለሱ ናቸው። ለእሳቸው ክብር ብዬ ዝም አልኩ። ሆዴ ግን ዝም አላለም።

ዛሬ ሲስተሙ መጥቷል። ናሙናው ነው የጠፋው። እህቴ ነገ በባዶ ሆዷ መጥታ እንደገና ደም ትሰጣለች። ክፍያውም እንደገና ነው።