አሥረኛው ደቂቃ ላይ የዘጋው ሰውዬ

ክርክሩ የተነሣው የጀግኖች ፊልም በሚሠራው ማርቭል «አጋታ ኦል አሎንግ» በተባለው የጠንቋዮች ድራማ ነው። ድራማው መስከረም 8 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 18 ቀን 2024፣ ረቡዕ ማታ የዲዝኒ የኢንተርኔት ፊልም ማሳያ በሆነው በዲዝኒ ፕላስ ሲጀምር ሁለት ክፍል ባንድ ጊዜ ተለቀቀ። አሜሪካ ላሉት ወዳጆቻችን በምሥራቁ ሰዓት ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ደረሰላቸው። በሳምንቱ መጨረሻ ሲገናኙ ቡናው ገና ሳይቀዳ ነገሩ ተቀጣጠለ።

አንደኛው የማርቭልን ፊልም አንድ ሳይቀር አይቻለሁ ባይ ነው። «አሥር ደቂቃ አየሁና ዘጋሁት» አለ። ለምን ሲሉት፣ «ማርቭል ብዬ ከፍቼ የወጣችልኝ ፖሊስ ናት! ጫካ ውስጥ ሬሳ፣ ጭጋግ፣ የተኮሳተረች መርማሪ። የሚበር የለ፣ የሚፈነዳ የለ። የፖሊስ ድራማ ካማረኝ ሞልቶ የለም እንዴ?» ክሱ ይኸው ነው። እስከ መጨረሻው ድምፁን ጨመረበት እንጂ ሌላ ማስረጃ አልጨመረበትም።

«መግቢያው ላይ የተጻፈውን አንብበኸዋል?» አለችው የቪዲዮ ቅንብር እንጀራዋ የሆነችው ወዳጃቸው።

«መግቢያ ደግሞ ማን ያያል? ዘለልኩት።»

በዕድሜ የሚበልጧቸው፣ ሁሉም ጋሼ የሚሏቸው ሰው «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አሉ፤ ያን ቀን ከአፋቸው ያልተለየ ተረት ነው።

እሷ ቀጠለች። «መግቢያው ላይ የድራማው ስም ‹አጋታ› አይደለም፤ ‹አግነስ የዌስትቪው› ነው የሚለው። ከሥሩ ደግሞ ‹ዋንዳቪስዲሰን በተባለው የዴንማርክ ድራማ ላይ የተመሠረተ› ይላል። እንዲህ የሚባል የዴንማርክ ድራማ የለም። አጋታ መጀመሪያ የታየችበትን የማርቭል ድራማ ዋንዳቪዥንን የስካንዲኔቪያ የወንጀል ድራማ አስመስለው የጻፉት ነው። የምታየው እውነተኛው ታሪክ እንዳልሆነ ገና በር ላይ ነግረውሃል። አንተ ግን በሩን ዘልለህ ገባህና ቤቱ አልገባኝም አልክ።»

እዚህ ላይ ወገኔ ማን እንደሆነ ልናገር፤ ሴትዮዋ ትክክል ናት። ያ የፖሊስ ታሪክ ዝም ብሎ የተለጠፈ ቀልድ አይደለም፤ ድግምቱ ራሱ ነው። ዋንዳቪዥን ማርች 5 ቀን 2021 ሲያልቅ ባለታሪኳ ጠንቋይ ዋንዳ ሌላዋን ጠንቋይ አጋታ ሃርክነስን ኃይሏን ነጥቃ፣ አግነስ የምትባል ነገረኛ ጎረቤት አድርጋ፣ ኒው ጀርሲ በምትገኘው ዌስትቪው በምትባል የፈጠራ ከተማ ውስጥ ቆልፋባት ነበር የሄደችው። አዲሱ ድራማ ሲከፈት 3 ዓመት አልፏል። የታሰረው አእምሮዋ አሁንም የሚኖረው በቴሌቪዥን ቋንቋ ነው፤ ዘውጉ ብቻ ከቤተሰብ ኮሜዲ ወደ ወንጀል ምርመራ ተቀይሯል። አጋታ ራሷን የምትመረምር መርማሪ ሆናለች፤ ያገኘችው ሬሳም ከእስሯ የምትወጣበት ቁልፍ ነው።

መተቱ የሚፈታበት ቅደም ተከተል ደግሞ በጥንቃቄ የተሠራ ነው። መጀመሪያ ኦብሪ ፕላዛ የምትጫወታት ሪዮ ቪዳል የፌዴራል መርማሪ መስላ ትመጣና ራስሽን እንዲህ ነው የምታይው በሚል ዓይነት ጥያቄ ትወጋታለች። ቀጥሎ ጆ ሎክ የሚጫወተው ስሙ የማይታወቅ ልጅ ቤቷን ሰብሮ ሲገባ ይያዛል፤ ምርመራ ክፍል ውስጥ የሚያነበንበው የልጅ ልፍለፋ ይመስላል እንጂ መፍቻው ድግምት ነው። በመጨረሻ ሬሳው የዋንዳ መሆኑ ይገለጣል። ያኔ አጋታ በየዘመኑ የለበሰችውን ልብስ አንዱን ካንዱ ሥር እየቀደደች ታወልቃለች፣ የዋንዳቪዥንን አሥርተ ዓመታት ወደ ኋላ እየገፈፈች፤ ምንም ሳይቀራት ራቁቷን ከቤቷ ወጥታ መንገድ ላይ ትቆማለች።

«ይሄን ሁሉ በአምስት ደቂቃ ብትጨርሰውስ?» አለ ሰውዬው።

«ብጨርሰው የሚበላሸውን ልንገርህ» አለችው። «ሪዮ ጩቤ ይዛ ስትመጣባት አጋታ ባዶ እጇን ናት። ጊዜ ስጪኝ፣ ኃይሌን ላግኝና ያኔ እንገናኝ ብላ በምላሷ ብቻ ነው የምትተርፈው። ሦስት ዓመት ሙሉ ምን እንደተወሰደባት ካላየህ ያ ድርድር አይከብድህም። ሽንኩርቱ ሳይበስል ቅቤ የተጨመረበት ዶሮ ወጥ ነው የሚሆነው፤ መልኩ ወጥ፣ ጣዕሙ ጥሬ።»

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አሉ ጋሼ እንደገና፣ ሲኒያቸውን እያስቀመጡ።

ሰውዬው ወደ ሁለተኛው ክፍል ዞረ፤ አላየውም፤ ሦስት ደቂቃ በማይሞላ የአማርኛ ቪዲዮ ትረካ ነው የሰማው። «ሴቶቹ ተሰበሰቡ፣ ምድር ቤት ወርደው ዘፈን ዘፈኑ፣ በር ተከፈተ። በቃ። ይሄ ደግሞ ምኑ ይወራል?»

የሚወራው እዚያ ነው። አጋታ ኃይሏን ለማስመለስ ወደ ጠንቋዮች መንገድ፣ እስከ ዳር ለዘለቀው የጎደለውን ይሰጣል ወደሚባለው አስማታዊ ጎዳና፣ ለመግባት ጓዶች ያስፈልጓታል። ፓቲ ሉፖን የምትጫወታት ሊሊያ እጅ እያነበበች የምትኖር አሮጊት ናት። ሳሺር ዛማታ የምትጫወታት ጄኒፈር ኃይሏ የታሰረባት መድኃኒት ቀማሚ ስትሆን የፊት ቅባት እየሸጠች ትኖራለች። አሊ አን የምትጫወታት አሊስ የሟች ሮክ ዘፋኝ ልጅ ናት፤ እናቷ የዘፈነችው ያንኑ የመንገዱን ዘፈን ነው። የዕፅዋት ጠንቋይ ሲጠፋ ደግሞ ምስኪኗን ጎረቤት ሚስስ ሃርትን አትክልት ስለምትተክል ብቻ ጎትተው ያመጧታል። ምድር ቤት ገብተው ይዘምራሉ፤ በሩ አይመጣም። አጋታ ወዲያው ትቀየርና አንድ በአንድ ትሰድባቸው ጀመር፤ በአስማታቸው እንዲመቷት ትተነኩሳቸዋለች። በሩ የሚመጣው ከዚያ በኋላ፣ ሰባቱ የሴለም አሳዳጆች ቤቱን ሲከቡ ነው።

ድራማው ካለቀ ቆይቷልና መጨረሻውን መናገር ነውር አይሆንም። ኦክቶበር 30 ቀን፣ ማለትም ጥቅምት 20፣ በተለቀቁት በመጨረሻዎቹ ሁለት ክፍሎች መንገዱ ከቶ እንዳልነበረ እንሰማለን። አጋታ ለብዙ መቶ ዓመታት ያንን ዘፈን ለወጥመድ ስትጠቀምበት ኖራለች፦ ጠንቋዮች ይሰበሰባሉ፣ ይዘፈናል፣ በር አይመጣም፣ ትሰድባቸዋለች፣ ይመቷታል፣ ኃይላቸውን ትመጥና ትሄዳለች። ስለዚህ ሁለተኛው ክፍል ላይ በሩ እውነት ሲከፈት ከሁሉም በላይ የደነገጠችው አጋታ ናት። በሩን የፈጠረው ልጁ፣ የዋንዳ ልጅ ቢሊ፣ ሳያውቀው ነው። ይህን ይዞ ተመልሶ ያንን ትዕይንት ያየ ሰው አጋታን የምትጫወተው የካትሪን ሃን ፊት ላይ ምን እንዳለፈ ይገባዋል፤ ስድቡ የተስፋ መቁረጥ ሳይሆን የተለመደ ሥራዋ እንደነበር ያያል። «ዘፈን ዘፈኑ፣ በር ተከፈተ» ብሎ የተረከለት ሰው ድንጋጤዋን ከነምክንያቱ ቆርጦ ጣለበት።

ሰውዬው ግን ሽንፈትን አይቀበልም፤ ወደ ገንዘቡ ሸሸ። «በርካሽ ነው የሠሩት፤ ያስታውቃል!» በርካሽ መሠራቱ እውነት ነው። ዘጠኙ ክፍል ባንድ ላይ ከ40 ሚሊዮን ዶላር በታች እንደወጣበት ተዘግቧል፤ ስድስት ክፍል ብቻ ያለው ሌላው የማርቭል ድራማ «ሲክሬት ኢንቬዥን» ግን ከ200 ሚሊዮን በላይ እንደፈጀ ነው የተነገረው። የትኛው እንደሚታወስ ማንም ይፍረድ። ፈጣሪዋ ጃክ ሼፈር፣ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ክፍሎች ራሷ ያዘጋጀችው፣ በተቻለ መጠን እጅ የሚነካው ነገር ነው የመረጠችው። የጠንቋዮቹ መንገድ በአትላንታ ስቱዲዮ ውስጥ ተገንብቶ ዛፉና ቅጠሉ እዚያው ተተከለ፤ ኮምፒውተሩ የሚገባው ሌላ መላ ሲጠፋ ነው።

ቅንብር የምታውቀው ወዳጃቸው ጥቅሙን በደንብ አስረዳች። ተዋናይ አረንጓዴ መጋረጃ ፊት ሲቆም ዓይኑ የት እንደሚያርፍ አያውቅም፤ አራት ሰው ካለ አራቱም ወደ ተለያየ ቦታ ያያሉ። ፊቱ ላይ ያረፈው ብርሃንም በኋላ ከሚለጠፈው ሰማይ ጋር አይገጥምም። ሥራው ለመጨረሻዎቹ ሳምንታት ሲጠራቀም ደግሞ የምስል ባለሙያዎቹ ያልጨረሱትን ያስረክባሉ። የተሠራ ጫካ ውስጥ ግን አምስቱም ተዋናዮች አንድ ዛፍ ነው የሚያዩት።

ማርቭል ራሱ ይህን የተማረው ከወደቀ በኋላ ነው። ከ2021 ጀምሮ ፊልሙንና ድራማውን እያከታተለ ሲያራግፍ ቆየ። በኖቬምበር 2023 «ዘ ማርቭልስ» ከድርጅቱ ፊልሞች ሁሉ ዝቅተኛውን ገቢ አስመዘገበ፤ በዓለም ዙሪያ 206 ሚሊዮን ዶላር ገደማ። በወቅቱ የዲዝኒ አለቃ የነበሩት ቦብ አይገር ምርቱ መብዛቱ ትኩረትን እንደበታተነ ተናገሩ፤ በሜይ 2024 ደግሞ ድራማው በዓመት ከአራት ወደ ሁለት ገደማ እንደሚቀነስ፣ ፊልሙም ከሁለት ወይም ከሦስት እንደማያልፍ አስታወቁ። ጋሼ ይህን ሲሰሙ ተረታቸውን ሊደግሙ አፋቸውን ሲከፍቱ ሁሉም ቀድመዋቸው «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አሉ።

ዳር ተቀምጣ የነበረች አንዲት እናት «ለማንኛውም ጥንቆላ ቤቴ አይገባም» ብላ ነበር። ለትንንሽ ልጆች እንደማይሆን እኔም እስማማለሁ፤ ደረጃውም ከ14 ዓመት በላይ ላሉ ነው፤ ሬሳም ራቁትነትም አለበት። ከዚያ ያለፈው ክርክሯ ግን ስሙን ሰምቶ ከመፍረድ አልዘለለም። ስም ሰምቶ መፍረድ ደግሞ ይህ ድራማ ሥሩን የጣለበት ቦታ ያውቀዋል። አጋታ በድራማው በፈረንጆቹ 1693 በሴለም በገዛ እናቷና በጓዶቿ ፊት ግንድ ላይ ታስራ የነበረች ናት። እውነተኛው ሴለም፣ ማሳቹሴትስ ውስጥ፣ ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ ጠንቋዮች ናችሁ ተብለው 19 ሰዎች ተሰቅለዋል፤ ጋይልስ ኮሪ የተባለ አዛውንት ደግሞ አልናገርም ስላለ በድንጋይ ክምር ተጨፍልቆ ሞተ። የመጀመሪያዋ ብሪጅት ቢሾፕ የተሰቀለችው ጁን 10 ነው፤ የመጨረሻዎቹ ሴፕቴምበር 22። አራት ወር እንኳ አልሞላም። በ1697 የጾምና የንስሐ ቀን ታወጀ፣ ዳኛ ሳሙኤል ሲዎል በጉባኤ ፊት ጥፋቱን አመነ፤ በ1711 ለቤተሰቦቹ ካሳ ተወሰነ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንላለን፤ እነዚያ ግን ምን ይለቅማሉ?

ዛሬ ገመድ የለም፤ ችኮላው ግን ያው ነው። የሦስት ሰዓት ቃለ ምልልስ ይደረጋል፤ አርባ ሰከንዱ ተቆርጦ ይለቀቃል፤ ሰውየው በዚያ አርባ ሰከንድ ይሰደባል፣ ከወገኑ ይባረራል። እናት ከአገር ቤት የድምፅ መልእክት ስትልክ ልጇ በእጥፍ ፍጥነት ያዳምጣታል፤ ስታዝን የምታዘግመውን፣ ቃል ፈልጋ ዝም የምትለውን አይሰማም፤ «ደህና ናት» ብሎ ይመልሳል። ሽማግሌ ነገር ሲጀምር «ባጭሩ» እንለዋለን። ሽምግልና ባጭሩ ሆኖ አያውቅም፤ ተቀምጠው፣ ደጋግመው ሰምተው፣ ቀጠሮ ሰጥተው ነው ሰው የሚያስታርቁት። ይህን ትዕግሥት ከአባቶቻችን ወርሰን ሳለ በአንድ ትውልድ ስንጨርሰው ያናድደኛል።

ፊልም በአማርኛ ባጭሩ የሚተርኩልን ወገኖቼም ይስሙኝ። ዲዝኒ ፕላስ ኢትዮጵያ ውስጥ በይፋ ስላልገባ ለብዙ ሰው በር የከፈቱት እነሱ እንደሆኑ አውቃለሁ፤ ድካማቸውን አልንቅም። ግን ሰባተኛውን ክፍል እንዴት በሦስት ደቂቃ ይተርኩታል? ሊሊያ ዕድሜዋን በቅደም ተከተል አትኖረውም። ባለፉት ክፍሎች ሁሉ ያለቦታው ስትጮኸው የነበረው፣ እብደት የመሰለን ቃል ሁሉ፣ ካርታዎቹን በየተራ ስትገልጥ እዚህ ቦታውን ያገኛል። ከዚያ ሊመጣ ያለውን እያወቀች ጓደኞቿን ታስወጣና ክፍሉን ትገለብጠዋለች፤ አሳዳጆቹም፣ ከነሱ ጋር እሷም፣ ጣራው ላይ በተተከሉት ሰይፎች ላይ ይወድቃሉ። የትረካው ቪዲዮ ይህን «አሮጊቷ ሞተች» ብሎ አለፈው።

የዋንዳቪዥን ጊዜም ይኸው ጩኸት ነበር። ጃንዋሪ 15 ቀን 2021 ሁለት ጥቁርና ነጭ ክፍል ሲለቀቅ «ማርቭሉ የታለ?» ተባለ፤ ሰባተኛው ክፍል ላይ አጋታ ማንነቷን ስትገልጥ የተዘፈነው አጭር ዘፈን ያንኑ ዓመት የኤሚ ሽልማት ወሰደ፤ አሁን የምንጨቃጨቅበት ድራማም ስሙን ያገኘው ከእሱ ነው። ያኔ ሦስተኛው ሳምንት ላይ ከዘጉት አንዱ ይኸው ሰውዬ ነበር፤ ወዳጆቹ አስታወሱት፤ አልካደም።

ድራማውን የመጥላት መብት አለው፤ ማንም አይነሣውም። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ክፍሎች ባንድ ላይ አንድ ሰዓት ተኩል እንኳ አይሞሉም። መግቢያውን ሳይዘል፣ ስልኩን ኪሱ ከቶ፣ ምድር ቤቱ ወለል ላይ በሩ እስኪከፈት ድረስ ይየው። ከዚያ በኋላም መጥፎ ነው ካለ ቁጭ ብዬ አዳምጠዋለሁ።