የእንግዳ ነው፣ አትንኩት

በ1970ዎቹ ዓመታት በአዲስ አበባ የቀበሌ ቤት ያደገ ሰው፣ ከእናቱ፣ ከአባቱና ከእህት ወንድሞቹ ሌላ፣ በቤቱ ውስጥ ስሙ ብቻ የሚኖር አንድ ባለሥልጣን እንደነበረ አይረሳም። ይህ ባለሥልጣን እንግዳ ይባላል። የቤቱ ጥሩ ጥሩ ዕቃ ሁሉ በእርሱ ስም የተያዘ ስለነበር፣ እኛ ልጆች ንብረቱን እንድንጠብቅ የተቀጠርን ዘበኞች ነበርን ማለት ይቻላል፤ ደመወዛችንም ቁንጥጫ ነበር። ዛሬ እኩዮቼ ተሰብስበው «አይ ድሮ! ምን ያለ ጊዜ ነበር!» እያሉ ሲተክዙ በሰማሁ ቁጥር፣ የሚናፍቁት የራሳቸውን ኑሮ ነው ወይስ የእንግዳውን የሚል ጥያቄ ይመጣብኛል።

የእንግዳው ዋና ግምጃ ቤት ቡፌ ነው። የሳሎኑን ትልቁን ግድግዳ ይዞ በቆመው በዚህ ባለመስታወት ዕቃ ውስጥ፣ ጠርዛቸው በወርቅ ቀለም የተቀባ ስኒዎች፣ አፋቸውን ተደፍተው የተደረደሩ ብርጭቆዎች፣ ትልልቅ አበባ የተሳለበት የቻይና ፔርሙዝና ከቤተሰቡ ማንም በልቶባቸው የማያውቅ ሳህኖች ይኖራሉ። በየሳምንቱ ወጥተው ይታጠባሉ፣ ይወለወላሉ፣ ተመልሰውም ይቆለፍባቸዋል፤ ያልቆሸሸ ዕቃ ለምን እንደሚታጠብ መጠየቅ ግን ብልግና ነበር። እኛ ውሃ የምንጠጣው በጣሳ ነው። ጣሳው ቀድሞ የዱቄት ወተት መያዣ የነበረ በመሆኑ ሥዕሉ ገና አልለቀቀም፤ ጠርዙም ከንፈር እንዳይቆርጥ ተቀጥቅጦ ተስተካክሏል። አልጋ ሥር በተቀመጠው ሻንጣ ውስጥ ደግሞ የእንግዳው የግል ንብረት ይገኛል፦ ላስቲኩ ያልወለቀ የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ፣ ተጣጥፎ የተቀመጠ አዲስ ፎጣ፣ በመካከሉም የተወሸቀ አንድ ላክስ ሳሙና። ያ ሳሙና ፊት ሳይታጠብበት በመዓዛው ብቻ ለዓመታት አገልግሏል።

ከቡፌው ውጪ ያለው ደግሞ ዳንቴል ለብሷል። እናቶቻችን በኪሮሽ ሠርተው ያላለበሱት ነገር ቢኖር እኛን ብቻ ይመስለኛል። የሶፋው መደገፊያ፣ ጠረጴዛው፣ ሬዲዮው፣ ስልክ ባለበት ቤት ስልኩ ሳይቀር ዳንቴል ነበረው። በስልኩ ላይ ከዳንቴሉ ሌላ ትንሽ ቁልፍ ይጨመርበታል፤ ልጆች ቁጥር ማዞሪያውን እንዳያዞሩ ከቀዳዳዎቹ በአንዱ ገብታ የምትቆለፍ። እንግዳ «አንድ ጊዜ ልደውል?» ሲል ግን ቁልፉ የት እንዳለ ለመፈለግ ቤቱ ሁሉ ይሯሯጣል።

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራውን የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ቢሆንም፣ እኛ ሰፈር ለመድረስ ብዙ ጊዜ ወስዶበታል። የደረሰውም ባለበር የእንጨት ሣጥን ውስጥ ሆኖ፣ ቁልፉ በእናት ቀሚስ ኪስ ወይም በነጠላ ጫፍ ተቋጥሮ ነው። የአባባ ተስፋዬ ሰዓት ሲደርስ ቴሌቪዥን ወደ ገዛው ጎረቤት እየሮጥን፣ ጫማችንን በር ላይ አውልቀን ወለሉ ላይ እንደረደራለን። በዚህ ጊዜ ነው ትልቁን ግፍ የተረዳሁት። በሕግ ካየነው በሰው ቤት የተገኘ ሁሉ እንግዳ ነው፤ ስለዚህ በእኛ ቤት የተነፈገን ስኒ በዚያ ቤት ሊወጣልን ይገባ ነበር። ሆኖም ልጅ እንግዳ አይባልም። የመጣልን ነገር ቢኖር «እግርህን ከምንጣፉ ላይ አንሣ» የሚል ትእዛዝ ብቻ ነበር። በአብዮቱ 10ኛ ዓመት በዓል ሰሞን ባለቀለም ሥርጭት ተጀመረ ሲባልም፣ የእኛ ጎረቤት ቴሌቪዥን በጥቁርና ነጭ አቋሙ ጸንቷል፤ እኛ ግን ቀለሙን በግምት እየተከራከርን ማየት ጀመርን።

እንግዳው ሲመጣ ደውሎ አይመጣም። በሩ ተንኳኩቶ «ቤቶች!» የሚል ድምፅ ሲሰማ ቤቱ በአንድ ጊዜ ለሁለት ይከፈላል፦ በፊት ለፊት በኩል መሳሳምና «ምነው ጠፋችሁ» ሲሆን፣ በጓሮ በኩል ደግሞ አንድ ልጅ ባዶ ጠርሙስ ታቅፎ ሚሪንዳ ፍለጋ ይፈተለካል፣ ሌላዋ ነጠላ ሥር ብርጭቆ ደብቃ ስኳር ልትበደር ጎረቤት ትላካለች። ስኳር በቀበሌ ሱቅ በካርድ፣ ያውም ወረፋ ለያዘ ሰው የሚታደል በመሆኑ፣ የእንግዳው ሻይ እንዲጣፍጥ የእኛ ሻይ ለሳምንታት ሲመርር ከርሟል። ሚሪንዳው ተከፍቶ እንግዳው ፊት ሲቀመጥ «ኧረ ምን አስቸገራችሁ! አሁን ጠጥቼ ነው የመጣሁት» ይላል፤ እናቴ «አፈር ስሆን» ትላለች፤ እኔ በሩ ጥግ ቆሜ ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ከፍታ ሲወርድ እከታተላለሁ። ደግ እንግዳ ከሥሩ ትንሽ አስቀርቶ «ለልጁ» ይላል። ጨርሶ የሚያንቆረቁረውን እንግዳ ግን እስከ ዛሬ በስም አውቀዋለሁ፤ ለቅሶው ላይ ስገኝም ነገሩን ሙሉ በሙሉ ይቅር ማለቴን እርግጠኛ አልነበርሁም።

የምግቡ ሰዓት በዓይን የሚመራ ነው። እናቴ አፏ ከእንግዳው ጋር ሲጫወት ዓይኗ እኛን ያስተዳድራል። አንዴ ስትገረምም «ከዚህ ውጣ» ማለት ነው፤ ቅንድቧን ስታነሣ «ሁለተኛ እንዳትቆርስ»፤ ፈገግ ብላ ዓይኗን ሳትነቅል ካየችህ ደግሞ እንግዳው ከሄደ በኋላ የምትጠየቅበት ጉዳይ አለ። እንግዳው ጉርሻ ሲዘረጋልህ «ጠግቤያለሁ» ማለት ግዴታ ሲሆን፣ እንግዳው ይህን ቃል አምኖ እጁን የመለሰ ቀን ደርሶብህ ከሆነ የውሸትን ዋጋ በልጅነትህ ተምረሃል። ዶሮ ከ12 ብልት እንደምትከፈል የምናውቀው በወሬ ነው፤ ፈረሰኛው ወዴት እንደሚሄድ የታወቀ ነው፣ እኛን የሚያውቀን አንገትና ክንፍ ብቻ ነበር።

እንግዳው ሲነሣ ኪሱን ይዳብሳል። ይህ ቅጽበት ከበዓልም ይበልጥብን ነበር። ስሙኒ ቢሆን ደስታ ከረሜላ ይታየናል፤ ሽልንግ ከሆነማ የሀብት አያያዝ ጭንቀት ይጀምረናል። ሆኖም በሩ እንደተዘጋ የእናቴ መዳፍ ይዘረጋል፦ «አምጣ፣ ላስቀምጥልህ»። በዘመኑ ከዚህ የሚበልጥ የቁጠባ ተቋም አላየሁም፤ ገንዘብ ይቀበላል፣ ደረሰኝ አይሰጥም፣ ወጪ ማድረግ ደግሞ ክልክል ነው። ካደግሁ በኋላ ሒሳቤን እንድታወራርድልኝ ብጠይቃት፣ «ስትበላው የነበረው እንጀራ ከሰማይ የወረደ ነው የመሰለህ?» ብላ የባንኩን የመጨረሻ መግለጫ ሰጥታኛለች።

አንዳንዱ እንግዳ ጨዋታው ጥሞት ሰዓት እላፊ ይደርስበታል። ያን ጊዜ የእርሱ ሕይወት ከመንገድ ጥበቃ ይድናል፣ የእኛ አልጋ ግን ይወረሳል። የደብረ ብርሃኑ ብርድ ልብስ ከላስቲኩ ይወጣል፣ እኛ ወለል ላይ በተነጠፈ አሮጌ ፍራሽ ላይ በራስና በግርጌ ተጋድመን፣ ያ ሰው በአልጋችን ላይ ሲያንኮራፋ እየሰማን እናድራለን።

የሚገርመው ግን ያ እንግዳ በማግስቱ ቤቱ ሲገባ እርሱም የሚጠጣው በጣሳ መሆኑ ነው። በእርሱም ቤት ቡፌ አለ፣ ተቆልፏልም፤ ባለወርቅ ስኒዎቹም የሚጠብቁት እኛን ነው። የአዲስ አበባ ሰው ሁሉ ጥሩ ዕቃ ገዝቶ ለሌላው እያስቀመጠ፣ ጥሩ ዕቃ ሲያምረው ሰው ለመጠየቅ ይሄድ ነበር። በ1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ሲያደርግ ትርፍ ስኒን አልነካም፤ መንካትም አያስፈልገውም ነበር። በየውይይት ክበቡ ቀን ከሌት ሲሰበክ የነበረውን የጋራ ንብረት እናቶቻችን ያለ አንድ ካድሬ፣ በቡፌ ብቻ ሠርተው አሳይተዋል።

አሁን ቡፌው በኮንዶሚኒየሙ ደረጃ አላልፍ ብሎ ተሽጧል። እንግዳም ቢሆን ሳይደውል አይመጣም፤ ሲደውልም «ቤት ድረስ ምን አስቸገራችሁ፣ ካፌ እንገናኝ» ይላል። በካፌው ውስጥ ማንም የማንንም ስኒ አያደንቅም፣ ልጆቹም ስልካቸው ላይ ናቸው። የድሮው ወግ ሳይበላሽ የተረፈው በሒሳቡ ሰዓት ላይ ብቻ ነው፦ «በሞቴ እኔ ልክፈል»፣ «እናቴን፣ አትከፍልም!»፣ እጅ መያዝ፣ ብር መንጠቅ፣ ወንበር መገልበጥ። አስተናጋጇ ግን ይህን በየቀኑ ስለምታየው ቀድሞ ከተዘረጋው እጅ ብሩን መንጭቃ ትሄዳለች፤ ከፋዩም «አንቺ፣ እንዴት ከእኔ ትቀበያለሽ?» በሚል ዓይን በጀርባዋ በኩል ለረጅም ጊዜ ይመለከታታል።