ከእናቱ ጡት አስቀድማችሁ ምንም አታቅምሱት

ወገኖቼ፣ በተለይም እናንተ እናቶቻችንና አክስቶቻችን፣ አራስ ልትጠይቁ ስትገቡ በጣታችሁ ጫፍ ቅቤ ይዛችሁ እትብቱ ባልደረቀ ሕፃን ላንቃ ላይ መለጠፉን ልትተዉ ይገባል። አንጀቱን ያለሰልስለታል ትላላችሁ፤ ፍቅራችሁን አልጠራጠርም። ነገር ግን ከቅቤውና ከጣታችሁ ጋር የተቅማጥ ተዋሲያን ሊገቡበት ይችላሉ፤ ጡት ሊይዝ የሚገባበትን የመጀመሪያውን ሰዓትም ትነጥቁታላችሁ።

ይህም አልበቃ ብሎ ያንን ቢጫና ወፈር ያለ እንገር «ሆዱን ይቆርጠዋል» እያላችሁ ወላዷ ከጡቷ ጨምቃ እንድትደፋው ታዛላችሁ። ጥጃ እንገሩን ካልጠባ እንደማይጠና የሚያውቅ ገበሬ በሞላበት አገር፣ ለላም ልጅ የማንነፍገውን ለሰው ልጅ መንፈጋችን እጅግ ያሳዝነኛል። እንገር ሕፃኑን ከበሽታ የሚከላከልለት የመጀመሪያ ስንቁ ነው፤ በመጀመሪያው ቀን ጥቂት ጠብታ ብቻ መሆኑም የወተት ማነስ ምልክት አይደለም፤ አዲስ የተወለደ ሕፃን ጨጓራ በአንድ ጊዜ የሚይዘው ጥቂት ብቻ ነውና። ውሃ ጠማው ብላችሁም አትጨነቁ። የእናት ወተት ከመቶ 87 እጅ ያህሉ ውሃ ስለሆነ፣ በሁመራ ሐሩር እንኳ ቢሆን እስከ 6 ወሩ ድረስ ሐኪም ካዘዘለት መድኃኒት በቀር ውሃም፣ አብሽም፣ የስኳር ብጥብጥም አያስፈልገውም።

ከሁሉ የሚያስፈራኝ ግን መጋት ነው። ሕፃኑን ጉልበት ላይ አንጋለው፣ መዳፋቸውን ከታችኛው ከንፈሩ ገጥመው አጥሚቱን ያንቆረቁሩበታል፤ እያለቀሰ አየር ሲስብ አጥሚቱ ወደ ሳንባው ይወርዳል፤ የሳንባ ምች የሚከተለውም ከዚህ ነው። የጎረቤቴ ልጅ እንዲህ ሲጋት ትን ብሎት ከንፈሩ ሲጠቁር አይቻለሁ፤ የምትግተውም ከማንም አብልጣ የምትወደው አያቱ ነበረች።

6 ወር ሲሞላው ቀና አድርጋችሁ አስቀምጡትና፣ ከማንኪያ የማይንጠባጠብ ወፈር ያለ ገንፎ፣ የተፈጨ ዱባና ምስር፣ በደንብ የበሰለ እንቁላል በትዕግሥት አጉርሱት፤ ፊቱን ካዞረ አታስገድዱት። ጡቱ እስከ 2 ዓመትና ከዚያም በላይ ይቀጥል፤ ማር ግን ዓመት ሳይሞላው አይቅመስ። በጾም ወራት «ድስቱ ያስገድፈናል» ብላችሁ እንቁላሉን የምታስቀሩበት እናቶችም፣ ቤተ ክርስቲያን ጡት የሚጠባን ሕፃን ጹም አላለችምና፣ ለእሱ ብቻ የምትሆን አንዲት ትንሽ ድስትና ማንኪያ ለይታችሁ አስቀምጡለት።