ችሎቱ ቤት ሲገባ

«ሴት ወደ ማጀት፣ ወንድ ወደ ችሎት» የሚለውን ተረት ዛሬ በአደባባይ አፉን ሞልቶ የሚናገር ጥቂት ነው። ጊዜው አልፎበታል ብለን ነበር። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2020 የዓለም ጤና ድርጅት ኮቪድ-19ን ዓለም አቀፍ ወረርሽኝ ሲለው ግን ተረቱ የት ተደብቆ እንደነበር ታየ። ቢሮውም፣ ትምህርት ቤቱም፣ ማጀቱም አንድ ጣሪያ ሥር ገቡ። ባልና ሚስት እኩል ቤት ዋሉ። ታዲያ በሩ የሚዘጋው ክፍል ለማን ደረሰ? ብዙ ቤት ለእሱ። እሷ ላፕቶፗን ምግብ ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ በአንድ ጆሮዋ ስብሰባ፣ በሌላው የልጅ ለቅሶ ስትሰማ ዋለች።

ሸክሙ ድሮም እኩል አልነበረም። የዓለም ሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ሪፖርት ሴቶች በቀን በአማካይ 4 ሰዓት ከ25 ደቂቃ የማይከፈልበት የቤትና የእንክብካቤ ሥራ ይሠራሉ። ወንዶች 1 ሰዓት ከ23 ደቂቃ። በዚህ ላይ ነው ትምህርት ቤቶች የተዘጉት።

ወንዶች እጃቸውን አጣጥፈው ተቀመጡ እያልኩ አይደለም። ብዙዎቹ ከበፊቱ የበለጠ ሠርተዋል። እኔን የሚከነክነኝ አንድ ቃል ነው፤ «ማገዝ»። «ባሏ ያግዛታል» እንላለን፣ ለሙገሳ። የሚያግዝ ሰው ሲደክመው ይተወዋል። የሥራው ባለቤት ግን የት ይሄዳል? የቤት ሥራው መቼ እንደሚላክ፣ መድኃኒቱ መቼ እንደሚያልቅ የሚያስታውስ አንድ ሰው አለ። «ምን ላድርግልሽ?» ማለት ደግ ነው። ግን ምን መደረግ እንዳለበት ስታስብ ያመሸችው እሷ ናት።

ከዚያ ሒሳቡ ይመጣል። ከሁለቱ አንዱ ሥራ ይተው ከተባለ፣ ትንሽ የሚከፈለው ይተዋል። ማንም ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ቤቱ እንዳይጎዳ ነው። ትንሽ የሚከፈላት ግን ብዙውን ጊዜ እሷ ናት፤ አንዱ ምክንያት ደግሞ ስትወልድ ሥራ ማቋረጧ ነው። አሁን ደግማ ስታቋርጥ ደመወዟ ይብስ ወደኋላ ይቀራል። በሚቀጥለው ችግር ማን ሥራ እንደሚተው ከወዲሁ ተወሰነ ማለት ነው።

ሳይፈልጉ ሥራቸውን ያጡም አሉ። ወትሮ ኢኮኖሚ ሲቀዘቅዝ ቀድመው የሚመቱት ግንባታና ፋብሪካ፣ ማለትም ወንዶች የሚበዙባቸው ናቸው። በዚህኛው ግን ሆቴሉ፣ ምግብ ቤቱ፣ የሰው ቤት ሥራው ቆመ። በ2020 የሴቶች ሥራ በ4.2 በመቶ፣ የወንዶች በ3 በመቶ መቀነሱን ያው የዓለም ሥራ ድርጅት አስልቷል። ቤት መዋል ያልተፈቀደላቸውም ነበሩ፤ ከጤናና ከማኅበራዊ እንክብካቤ ሠራተኛው 70 በመቶ ገደማ ሴት ነው። «ጀግኖቻችን» ብለን አጨበጨብንላቸው። ልጆቻቸውን ማን እንደሚጠብቅ የጠየቅን ግን ጥቂት ነን።

መፍትሔ ተብሎ የመጣው ነገርም አንዳንዴ ያስቃል። «እናቶች ከቤት መሥራት ይችላሉ» የሚል ማስታወቂያ ቅን ይመስላል። አባቶችስ? ስዊድን ለወላጆች ከምትሰጠው ፈቃድ ውስጥ ለእያንዳንዳቸው 90 ቀን ለይታ አስቀምጣለች። አባትየው ካልወሰደው ለእናትየው አይተላለፍም፤ ይቃጠላል። እንዲህ ያለ ሕግ በሌለበት ግን ልጄ ታሟል ብሎ ፈቃድ የሚጠይቅ አባት ከአለቃው መጀመሪያ የሚሰማው ያው ጥያቄ ነው፦ «ሚስትህ የለችም እንዴ?»