ይድረስ ለ«ጌሚንግ» ስቲከር

ጉዳዩ፦ ከሞኒተር ካርቶን ላይ እንድትወርድልን ስለመጠየቅ

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እኔ ካንተ ዋጋ በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

መቼም አለባበስ ታውቅበታለህ። ጥቁርና ቀይ ለብሰህ፣ ዘንዶ ወይ መብረቅ አስከትለህ ካርቶኑ ጥግ ላይ ጉብ ስትል ግርማህ ያስፈራል። ትናንት ቢሮ ውስጥ ኤክሴል ሲያሳይ የሚውል ምስኪን ስክሪን አንተ ከተለጠፍክበት በኋላ ጦር ሜዳ የከረመ ይመስላል። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ ያንተን ያወጣው ግን ደላላ ሳይሆን አይቀርም። አንድ ሞኒተር «ጌሚንግ» ለመባል የሚቀመጥበት ፈተና የለማ። 75 ኸርዝ ያለውም (በሰከንድ 75 ጊዜ ምስል የሚቀይረው) ላይ አለህ፣ 240 ያለውም ላይ አለህ፣ ሁለቱም ጋ ያው ኩራት።

ብሩ ቢኖር እኮ ዝም እል ነበር። ዘንዶህንም መብረቅህንም ገዝቼ ወደ ቤቴ። ነገር ግን ከሐምሌ 2016 ወዲህ፣ ዶላር 57 ብር አካባቢ ከነበረበት ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 100ን ካለፈ በኋላ፣ እኔና መሰሎቼ እንደ ድሮው «ይሄ ያምራል» ብለን ሞኒተር አንገዛም። ቁጥር እያነበብን ነው የምንገዛው። አንተ ደግሞ የምትኖረው ቁጥር በማያነብ ሰው ነው። ስለዚህ እንነጋገር።

መጀመሪያ ካንተ ጎን ስለማይጠፋው ስለ «1 ሚሊሰከንድ»። ይሄ ጓደኛህ ሁለት መልክ አለው። አንዱ ፒክስሉ (ምስሉ የሚሠራባት ትንሿ ነጥብ) ከአንድ ግራጫ ወደ ሌላ ግራጫ ለመቀየር የሚፈጅበት ጊዜ ነው፤ ፋብሪካው ብዙውን ጊዜ የሚጽፈው ግን አማካዩን ሳይሆን የቀናውን ነው፣ እሱም ኦቨርድራይቭ የሚሉትን የፒክስል ማፍጠኛ እስከ ጥግ ከፍቶ፣ የሚንቀሳቀሰው ሁሉ ከኋላው ጥላ እየጎተተ። ሌላው የጀርባ መብራቱን ቶሎ ቶሎ እያጠፉና እያበሩ የሚያገኙት ቁጥር ነው። እሱን ስታበራ ስክሪኑ ይደበዝዛል፣ አብዛኛው ሞኒተር ላይ ደግሞ ስክሪኑን ከግራፊክስ ካርዱ ፍጥነት ጋር የሚያስማማውን ፍሪሲንክን አጥፋ ይልሃል። እሺ፣ እውነት ነው እንበል። አንድ ሚሊሰከንድ። እኔ የምጫወትበት ሰርቨር ያለው ዱባይ ነው፣ ካልሆነም አውሮፓ። ጥይቴ ከአዲስ አበባ ተነስታ፣ ድንበር ተሻግራ፣ ባሕር ሥር ባለ ኬብል ሄዳ ወሬዋ እስኪመለስ ፒንጉ (የደርሶ መልሱ ጊዜ) 100 ሚሊሰከንድን ያልፋል፤ ማታ ሰፈሩ ሁሉ ቪዲዮ ሲከፍት 200 ቢል አይገርመኝም። ከዚህ ሁሉ ላይ አንተ አንድ ሁለት ሚሊሰከንድ አተረፍኩልህ ትለኛለህ። እግዜር ይስጥልኝ።

ኸርዙን ግን አልሰድብም። ካርቶኑ ላይ ከተጻፈው ሁሉ እውነተኛው እሱ ነው። 60 ኸርዝ ስክሪን ምስል የሚቀይረው በየ16.7 ሚሊሰከንዱ ነው፣ 144 ደግሞ በየ6.9። ይሄን ልዩነት ጌም ሳትከፍት፣ ማውዙን ዴስክቶፕ ላይ ስታንሸራትት ራሱ ታየዋለህ። ከ144 ወደ 240 ስትሄድ ግን የምታተርፈው 2.8 ሚሊሰከንድ ነው። ያን ሁሉ ምስልስ ማን ይሥራው? አንተ አትሠራም፣ ተለጥፈህ ነው የምትውለው። የሚሠራው በ2011 ዓ.ም. የወጣው የኔ ግራፊክስ ካርድ፣ ጂቲኤክስ 1650 ነው። ቫሎራንት የሚባለው ጌም ላይ ቅንብሩን ዝቅ ካደረግኩለት በሰከንድ 144 ምስልን በደንብ ያልፋል፣ ግራፊክሱ የከበደ አዲስ ጌም ስሰጠው ግን 60 ለመድረስ ላብ በላብ ይሆናል። ለእሱ 240 ኸርዝ ስክሪን መግዛት ለሁለት እንግዳ ድንኳን መትከል ነው። በነገራችን ላይ የግድግዳው መብራታችን ራሱ 50 ኸርዝ ነው። እሱም ሲኖር።

ፕሌይስቴሽን 4 ያለውን ሰውማ ተወው። ማሽኑ ከ60 በላይ አያወጣም፣ እሱ ግን አንተን አይቶ 165 ኸርዝ አቅፎ ይወጣል። አንተም አትነግረው፣ ሻጩም አይነግረው።

ቆይ፣ በትክክል የገዛው ሰውም ቢሆን ከእጅህ አይወጣም። ካርዱ የሚችል፣ ሞኒተሩ 165፣ ሁሉም ነገር ልክ፤ ቤት ወስዶ ሲሰካው ግን ዊንዶውስ ብዙ ጊዜ 60 ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቀዋል። ሴቲንግ ከፍቶ፣ ዲስፕሌይ፣ ከዚያ አድቫንስድ ዲስፕሌይ ገብቶ በእጁ ካልቀየረው እዚያው ነው። ስንቱ ይሆን ይሄኔ 60 ላይ ሆኖ «ጌሚንግ ሞኒተር እኮ ልዩ ነው» የሚል? ሻጩ እንደ ውለታ የሚመርቀው፣ ስክሪኑን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያገናኝ አሮጌ ቪጂኤ ኬብልም አለ። መሰኪያው የኢሕዲሪ ሕገ መንግሥት በጸደቀበት በ1979 ዓ.ም. የተወለደ ነው። ሥርዓቱ ካለፈ ስንት ዓመቱ፣ ኬብሉ ግን አሁንም ሥልጣን ላይ ነው። ባዶ ቦታህ ላይ፣ ከዘንዶው ጭራ ሥር፣ «በአዲሱ መሰኪያ፣ በዲስፕሌይፖርት ሰካ፣ ሴቲንጉን ቀይር» ብለህ ብትጽፍ ምን ነበረበት?

«ኤችዲአር» የሚለው፣ ብርሃኑንና ጥላውን አጉልቼ አሳያለሁ ባዩ ወንድምህስ? ኤችዲአር10 ማለት ሞኒተሩ ሲግናሉን ይቀበላል ማለት እንጂ ያሳየዋል ማለት አይደለም። መቀበልማ እኔም የደሞዝ ጭማሪን ሐሳብ በደስታ ነው የምቀበለው። ደረጃ የሚያወጣው ቬሳ እንኳ ዝቅተኛውን እርከን ከ400 ኒት (የስክሪን ብርሃን መለኪያ) ነው የሚጀምረው፣ የኛ አቅም የሚደርስባቸው ሞኒተሮች ደግሞ በአብዛኛው 250 ወይ 300 ላይ ናቸው። አብርተህ ቀለሙ ሲገረጣ አይተህ ታጠፋዋለህ፣ በቃ። ኩርባውንም እለፈው። 24 ኢንች ስክሪን ማጠፍ ለምን እንዳስፈለገ ያጠፈው ይጠየቅ።

ስፋት ላይ ግን ትንሽ ልቆይ፣ ብዙ ሰው የሚበላው እዚህ ላይ ነውና። ሻጩ «27ቱን ውሰደው፣ ይሰፋል» ይላል። አዎ ይሰፋል፣ የሚሰፋው ግን ፒክስሉ ነው። ያው 1080 (ከላይ እስከ ታች 1080 ረድፍ ፒክስል) ሆኖ 24 ኢንች ላይ በአንድ ኢንች 92 ፒክስል የነበረው 27 ላይ 82 ይሆናል፤ ፊደሉ ይሻክራል፣ ሩቅ ያለው ጠላት ከቁጥቋጦ አይለይም። 27 ኢንች የሚያምረው 1440 ሲሆን ነው። ያኔ ደግሞ ካርዱ የሚስለው ፒክስል ከ2.1 ሚሊዮን ወደ 3.7 ሚሊዮን ያድጋል፣ ማለትም ሞኒተር ልገዛ ወጥቼ ግራፊክስ ካርድም ልገዛ ነው። ጥሩ ወጥመድ ነው፣ አደንቃለሁ።

የምፈልገው ይሄን ያህል ከባድ አይደለም። 24 ኢንች፣ 1080፣ አይፒኤስ ፓነል (ከጎን ሲያዩት ቀለሙ ብዙም የማይለወጥ)፣ ከ100 እስከ 165 ኸርዝ ያገኘሁትን፣ ዲስፕሌይፖርትና ፍሪሲንክ ያለው። የኔን ካርድ የሚሠራው ኤንቪዲያ ከጥር 2011 ጀምሮ ካርዶቹ ከፍሪሲንክ ሞኒተር ጋር እንዲስማሙ ስለፈቀደ ያንኑ የማስማማት ሥራ ለሚሠራው ለራሱ ለጂሲንክ ሞጁል የምከፍለው ተጨማሪ ብር የለም። ያገለገለም ቢሆን አልጠላም። ሱቁ ውስጥ አሰክቼ፣ ስክሪኑን ሙሉ ጥቁር፣ ሙሉ ነጭ፣ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ አድርጌ ዴድ ፒክስል (የሞተ ነጥብ) ካላየሁ፣ ጥቁሩ ላይም ጥግ ጥጉ ብርሃን ካላፈሰሰ እወስደዋለሁ። አንተ ግን እዚያም አትለቀኝም። ግማሽህ ተልጦ፣ ዘንዶው አንገቱ ተቆርጦ፣ ሻጩ «ኦሪጅናል ስቲከሩ እንዳለ ነው» ብሎ ባንተ ሰበብ ዋጋ ይጨምርብኛል።

ዋጋ ካልን ቴሌግራም ላይ አብሮህ የሚውል ሌላ ወዳጅ አለህ፣ «ዋጋ በኢንቦክስ» የሚባል። ሞኒተሩን ከፊት፣ ከጎን፣ ከኋላ፣ በቀይ መብራት፣ በሰማያዊ መብራት ያሳየናል። ኸርዙን ይነግረናል፣ አንተን አጉልቶ ያሳየናል፣ ዋጋውን ብቻ ከእኛ ከዘመዶቹ ይደብቃል። ኢንቦክስ ገብተህ ስትጠይቀው መልሱ «ስንት ይዘሃል ወንድም?» ነው።

ስለዚህ በአክብሮት የምጠይቅህ ቦታህን እንድትለቅ ነው። በምትክህ ፓነሉ ምን እንደሆነ፣ ስንት ኸርዝ በየትኛው መሰኪያ እንደሚሠራ፣ ስንት ኒት እንደሚያበራና ዋጋው ስንት እንደሆነ የሚናገር ነጭ ወረቀት ይለጠፍ። ዘንዶው ከፈለገ ይቆይ፣ እሱ ላይ ቅሬታ የለኝም። እምቢ ካልክ የእህቴን ፀጉር ማድረቂያ ተውሼ እመጣለሁ፤ ሙጫህ ስንት ዲግሪ ላይ እንደሚለቅ ያኔ አብረን እናያለን።

ከሰላምታ ጋር
አንድ ደሞዝተኛ ተጫዋች

ግልባጭ፦
ለ«1 ሚሊሰከንድ»
ለ«ዋጋ በኢንቦክስ» (መልሱን በአደባባይ እንዲሰጥ)
ለቪጂኤ ኬብል (ጡረታ እንዲወጣ)
ለጂቲኤክስ 1650 (ለመረጃ ያህል፣ እንዳይደነግጥ)