ሲልበሪ ሂል በሦስት ደረጃ ብቻ አልተሠራም
እንግሊዝ ያለው ሲልበሪ ሂል የተባለ፣ ሰው የከመረው ጥንታዊ ጉብታ «በሦስት ደረጃ ተሠራ» የሚለው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ወደ ውስጡ ዋሻ ተሠርቶ የተደረገው ቁፋሮ ድምዳሜ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2007 እና 2008 ዋሻው እንደገና ሲከፈት ከዚያ የበዙ ትንንሽ ደረጃዎች ታይተዋል። መነሻው ቁመቱ አንድ ሜትር እንኳ የማይሞላ የጠጠር ክምር ነው። በላዩ አፈርና ከነሥሩ ተቆርጦ የተነሳ ሣር ተጫነ፤ ሣሩ አየር ስላላገኘ ከ4000 ዓመት በላይ ቆይቶም ሣርነቱ ይለያል። ከዚያ ዙሪያውን ቦይ ቆፍረው የወጣውን ጠመኔ (ነጭ ለስላሳ ድንጋይ) መሀል ላይ ከመሩት። ክምሩ ሲሰፋ ግን ቦዩ ከሥሩ ሊገባ ነው፤ ስለዚህ ይደፍኑትና ፈቀቅ ብለው ሌላ ይቆፍራሉ፣ ያውም ደጋግመው። የመጨረሻው ልክ አስቀድሞ ቢታወቅ ይህን ሁሉ ድርብ ሥራ፣ ያውም በአጋዘን ቀንድ፣ ማን ይሠራል? «እ.ኤ.አ. በ2000 አናቱ የሰመጠው አሠራሩ ደካማ ስለሆነ ነው» ለሚሉ ደግሞ፦ ጥፋቱ የጥንቶቹ አይደለም። በ1776 ከአናቱ ቁልቁል የተቆፈረው ጉድጓድ በወጉ ስላልተሞላ ነው። የኋለኞቹ ዋሻዎችም ውስጡን ባዶ ቦታ ትተውበት ነበር፤ ኋላ በጠመኔ ጠቅጥቀው ሞሉት።