ይድረስ ለክቡር «ቀሪ ኪሎ ሜትር»

ክቡር ሆይ፣

ከመሪዬ ጀርባ ባለችው ትንሽ መስኮት ውስጥ ተቀምጠው፣ በታንከሬ ያለው ቤንዚን ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚያስኬደኝ ሳልጠይቅዎ ስለሚነግሩኝ ምስጋናዬን ላቀርብልዎ ይህን ደብዳቤ ጽፌያለሁ። ምስጋናው የዘገየው ካለፈው እሑድ ጀምሮ ወገቤ ለመቀመጥ እምቢ ስላለኝ ነው።

እንደሚያስታውሱት፣ ቅዳሜ ማታ ከሱሉልታ ስመለስ እንጦጦ ጫፍ ላይ «52» ይሉ ነበር። ቁልቁለቱን በማርሽ ወርጄ ሽሮ ሜዳ ስደርስ «71» አሉ። እየተነዳ የሚበረክት ቤንዚን በሕይወቴ ያየሁት ያን ምሽት ብቻ ነው። በዚህ ተደስቼ፣ ከፊቱ ሁለት መኪና ብቻ የቆመበትን ማደያ አልፌው ሄድኩ። ቀጂው እንዲያውም በእጁ ጠርቶኝ ነበር። በዚህ ከተማ ሁለት መኪና ብቻ የተሰለፈበትን ማደያ ማለፍ ምን ዓይነት ጥጋብ እንደሆነ ሰልፍ የሚያውቅ ሁሉ ስለሚረዳው አላብራራውም።

በማግስቱ ለታናሽ ወንድሜ ሽማግሌ የሚሄዱ ሦስት አባቶችን ሳሪስ ላይ አሳፈርኩ። ነጭ ጋቢ ለብሰዋል፤ ከዘራ ይዘዋል፤ የልጅቷ ቤተሰቦች የሚኖሩት ደግሞ ከሽሮ ሜዳ በላይ ነው። ቤንዚን ማለቁን የምታስጠነቅቀው ቢጫዋ መብራት ከቤት ስንነሣ ጀምሮ በርታለች፤ እርስዎ ግን «55» ስላሉ መብራቷን እንደ ምቀኛ ቆጠርኳት። ስድስት ኪሎን አልፈን ዳገቱን ስንያያዝ መኪናዋ ሁለት ጊዜ አስነጠሰችና ቀጥ አለች። ያን ጊዜ እርስዎ ምን ይሉ ነበር? «19»። ሞተሩ ጠፍቶ፣ ከኋላችን ያለው ሚኒባስ ጡሩምባውን ሲያንባርቅ፣ እርስዎ ምንም እንዳልተፈጠረ ገና 19 ኪሎ ሜትር ይቀረናል እያሉ ያበሩ ነበር።

ከአባቶች ታላቁ ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ አጣፍተው ወረዱና፣ «ልጄ፣ ይህቺ መኪና በአራቱም እግሯ ነው የምትሄደው አላልከንም?» አሉኝ። ብዬ ነበር። መንገድ ላይ እስኪሰለቻቸው ድረስ ነግሬያቸዋለሁ።

ማደያው ከታች ሦስት መቶ ሜትር ያህል ይርቃል። ጀሪካን ይዤ ብሮጥ በጀሪካን መቅዳት ክልክል መሆኑን ቀጂው በትሕትና ነገረኝ። ስለዚህ መኪናዋ ራሷ መምጣት ነበረባት። አራት ሊስትሮዎችና ሦስት የተከበሩ ሽማግሌዎች ገፍተው አዞሯት፤ እኔ በአንድ እጄ መሪውን ይዤ በትከሻዬ በሩን እገፋለሁ። ሰልፉ ጋ ስንደርስ ሹፌሩ ሁሉ «ተሰለፍ! ገፍተህ ስለመጣህ ነው?» ብሎ ጮኸብን። በዚያን ቀን የመጀመሪያው ሽምግልና የተካሄደው በልጅቷ አባት ቤት ሳይሆን በማደያው በር ላይ ነው። ታላቁ አባት በከዘራቸው መሬቱን መታ መታ እያደረጉ ለሃያ ደቂቃ ያህል ሲለምኑ፣ ልጅ ለመጠየቅ ያዘጋጁትን ምርቃት ግማሹን በዚያው ጨረሱት። ሰልፈኛው ፈቀደልን። ከዚያ በስልክ ልከፍል ስል ኔትወርክ የለም።

ቆይቼ እንደተረዳሁት እርስዎ የፊቱን አያዩም። ያለፉትን ጥቂት ኪሎ ሜትሮች አማካይ ፍጆታ ወስደው፣ ታንከሩ ውስጥ ባለችው ተንሳፋፊ በሚለካው ቤንዚን ያሰሉታል። በቁልቁለት በማርሽ ሲወረድ ጎማዎቹ ሞተሩን ስለሚያዞሩት ቤንዚን መርጨቱን ያቆማል፤ እርስዎም ይህን ሹፌሩ ቆጣቢ ስለሆነ ነው ብለው መዘገቡት። ዳገት ላይ ደግሞ የቀረችው ጥቂት ቤንዚን ወደ ታንከሩ አንድ ጥግ ሸሽታ ፓምፑ አየር ይስባል። ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ግድም ላይ በተሠራ ከተማ ውስጥ ዳገትን የማያውቅ ትንቢት ለማን ነው የሚጠቅመው?

የአጎትዎን ልጅ፣ የሽያጭ ወረቀቱን ቁጥር፣ በዚሁ ሰላም ይበሉልኝ። በ100 ኪሎ ሜትር 6.2 ሊትር፣ ማለትም በሊትር 16 ግድም ትሄዳለች ብሎ ነበር። እኔ ፉል አስሞልቼ፣ 412 ኪሎ ሜትር ነድቼ፣ እንደገና ፉል ሳስሞላ 43 ሊትር ገባ። በሊትር አሥርም አልሞላች። ወረቀቱ የተለካው በ23 ዲግሪ ሙቀት፣ በቤት ውስጥ፣ ጎማዎቹ በሚሽከረከር ሲሊንደር ላይ ቆመው፣ ግማሽ ሰዓት በሚፈጅ ሙከራ ነው። እዚያ ቀለበት መንገድ የለም፤ ከፊት ዘሎ የሚገባ ሚኒባስ የለም፤ አየሩም አልሳሳም። እኛ ጋ አየሩ ስለሚሳሳ ቱርቦ (አየር አጭቆ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር ከጉልበቱ ሩብ የሚጠጋውን ያጣል፤ ዳገት ለመውጣት ማርሽ መቀነስና ቤንዚኑን እስከ ወለሉ መርገጥ ግድ ይሆናል።

ስለ አራቱም እግሯም አንድ ነገር ልበል። ከክረምት ጭቃ በስተቀር የኋላ ጎማዎቿ አይጎትቱም፤ የሚጎትቱት የፊቶቹ ናቸው። ሆኖም ወደ ኋላ የተዘረጋው ዘንግና የኋላ ዲፈረንሻል፣ አንድ ተሳፋሪ ያህል እየከበዱ፣ ዓመቱን ሙሉ በአስፋልት ላይ በከንቱ ይሽከረከራሉ። ታሪፍ የማይከፍል ተሳፋሪ ይዤ ስዞር አራት ዓመቴ ነው።

አረንጓዴዋ «ቆጣቢ» መብራት የምትበራው ቆሜ ሳለሁ ነው።

ታኅሣሥ 30 ቀን 2017 ዓ.ም. አንድ ሊትር ቤንዚን ከ91 ብር ከ14 ሳንቲም ወደ 101 ብር ከ47 ሳንቲም ወጣ። ያ 43 ሊትር በዚህ ሒሳብ 4,363 ብር ነው። በወረቀቱ ቃል ቢሆን 26 ሊትር ባልሞላ ነበር። ልዩነቱ በየአሥር ቀኑ ከኪሴ ይወጣል፤ የወጣውም ከልጄ የትራንስፖርት ክፍያ ላይ ነው። እንግዲህ ንገረኝ፣ አንተ ሰውዬ፣ ማን ለምኖህ ነው በውሸት የምታጽናናኝ? አላውቅም ብትል ምን ነበረበት? ሁለት ሰረዝ ብታበራ እኮ ይበቃኝ ነበር! መኪናዋን ሸጬ ሌላ እንዳልገዛ የቤንዚን አውቶሞቢል ማስገባት ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ተከልክሏል፤ የተረፈው ሁሉ ዋጋው ሰማይ ነክቷል።

ይቅርታ፣ ክቡር ሆይ፣ «አንተ» ማለቴ በስሜት ነው።

የልጅቷ ቤተሰቦች አንድ ሰዓት ከሩብ ዘግይተን፣ ጋቢው በጎማ ጥላሸት ተዥጎርጉሮ ብንደርስም በክብር ተቀብለውናል። ምላሹን ለመስማት በሁለት ሳምንቱ እሑድ ተቀጥረናል። እርስዎን በጥቁር ፕላስተር ሸፍኜዎታለሁ፤ ታንከሩንም ትናንት ሦስት ሰዓት ተሰልፌ ሞልቻለሁ። አባቶች ግን በታክሲ እንደሚሄዱ አስታውቀዋል።

አክባሪዎ፣
የባለ አራት እግሯ ባለቤት